አፈ ጉባኤው ከግሩፑ ለምን ወጣ

የእህቴ ባል ልብስ ሰፊ ነው። እኔ ደግሞ እሱ የሰፋውን እተኩሳለሁ። እሱ በስፌት መኪናው፣ እኔ በካውያዬ፣ አንዲት በር ባላት ጠባብ ቤት ውስጥ ጀርባ ለጀርባ ሆነን ስንሠራ ሁለታችንም ሸበትን። ስለዚህ ስለ እሱ የማወራው ሁሉ ከሰው የሰማሁት ሳይሆን በጀርባዬ ያዳመጥኩት ነው።

ሰፈሩ በሙሉ አፈ ጉባኤ ይለዋል። ስሙን ያመጣበት ስልኩ ነው። ስልኩ ውስጥ አንድ የፖለቲካ መወያያ ግሩፕ አለ፤ እሱም ግሩፑ ገና በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ሳሉበት የገባ ነባር አባል ነበር። ድምፁን ቀርጾ በላከ ቁጥር «ክቡራን የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች» ብሎ ነው የሚጀምረው። ሱሪውን ሊያሳጥር አውልቆ ከመጋረጃው ጀርባ የሚጠብቅ ደንበኛ ይህችን መክፈቻ ከሰማ ነገሩ ቶሎ እንደማያልቅ ስለሚገባው ወንበር አቀብሉኝ ይላል።

ከዚህ ግሩፕ ነው ባለፈው ሰሞን የወጣው። ሰው ሥራ ፈትቶ ይሁን ወሬ አጥቶ አላውቅም፣ መውጣቱ ራሱ መነጋገሪያ ሆነ። የእሱ ወገን ነን የሚሉት በተቃውሞ ነው አሉ። የወዲያኛው ወገን መልስ አጥቶ ነው አለ። አድሚኖቹ ደግሞ የተማሩ ልጆች ናቸውና መጠይቅ ላኩ። ሥርዓት ማስከበር ከተጀመረ ወዲህ ነባር አባላት ለምን እየለቀቁ እንደሆነ ማወቅ እንፈልጋለን ይላል፤ ከሥሩ ምርጫ ተደርድሯል፤ ደንቡ ከብዶኝ፣ ጊዜ አጥቼ፣ ሐሳቤን እንዳልገልጽ ተደርጌ፣ ሌላ። አፈ ጉባኤው አየት አድርጎ ስልኩን መልሶ አስቀመጠው። እኔ ብጠየቅ የምለው ነበረኝ፤ ማን ጠይቆኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከነጭ ሽንኩርት ነው። ነጭ ሽንኩርት ሰው ነው። በግሩፑ ውስጥ ስሙም ይኸው ነው፣ ፎቶውም አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት ነው፤ የት እንደሚኖርና ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ አልነበረም። እሱና አፈ ጉባኤው ለዓመታት የተጨቃጨቁት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ የዳቦን ዋጋ መንግሥት ይተምን ወይስ ገበያው ይወስን። የእኛው ሰው፣ መንግሥት እጁን ያንሳ ባይ ነው። ነጭ ሽንኩርት መንግሥት ካልያዘው ድሃ ጦሙን ያድራል ባይ ነው። በዚህ መሐል ሚኒስትሮች ተሽረዋል፣ ሌሎች ተሹመዋል፣ ዳቦው አንሷል፣ ዋጋው ወጥቷል፤ ክርክሩ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም።

ሁለቱም የሚነጋገሩት በድምፅ ነበር። ልብስ ሰፊ በየትኛው እጁ ይጽፋል? አንዱ ጨርቁን ይገፋል፣ አንዱ ይይዛል፤ ነፃ የሆነው አፉ ብቻ ነው። ስለዚህ ስልኩን ከክር ማስቀመጫው ጋር ያስደግፍና በክርኑ ተጭኖ ይናገራል። ሲናደድ የመኪናው ፔዳል ይፈጥናል። እኔም ዞር ሳልል ክርክሩ የት እንደደረሰ የማውቀው በፔዳሉ ነበር። እውነቱን ለመናገር እንዲያ ሲሆን የሚሰፋው አያምርም፤ ኮሌታ ተጣሞ እጄ ከገባ የዳቦ ነገር ተነስቶ ነበር ማለት ነው፤ እኔም በካውያ እየተጫንኩ አቃናለሁ።

የነጭ ሽንኩርት ድምፅም ብቻውን አይመጣም። ከበስተኋላው የሚያጓራ ሞተር አለ። አፈ ጉባኤው ጥሩ ነጥብ ካስቆጠረ በሚቀጥለው መልእክት ያ ሞተር ይነሳና የነጭ ሽንኩርትን መልስ ዋጥ ያደርገዋል። አፈ ጉባኤው ሆን ብሎ ነው የሚያስነሳው ይላል። እህቴ ምሳ ስታመጣልን ሰምታ የጥርስ ሐኪም ነው አለች። እኔ እንጨት ቤት ነው ብዬ ነበር። አፈ ጉባኤው ሁለታችንንም ንቆን፣ ሰውየው መንግሥት ቢሮ ውስጥ ወንበር ሲያሞቅ የሚውል ባለሥልጣን ነው፣ ሞተሩም ማቀዝቀዣው ነው ብሎ ደመደመ። እንዲህ የሚጮህ ማቀዝቀዣ ካለበት ቢሮ ባለሥልጣን ቀርቶ ዘበኛ አይቀመጥም ብል ማን ሊሰማኝ።

ነጭ ሽንኩርት «አንተ ደነዝ» ብሎ ይጀምራል። የእኛው «አንተ የመጋዘን አይጥ» ብሎ ይቀበለዋል። ሌላ ሰላምታ ሲለዋወጡ ሰምቼ አላውቅም። እህቴ አንድ ቀን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስታዳምጥ ቆየችና፣ እኔን እንዲህ በየማለዳው ብትፈልገኝ ምን ነበረበት አለችው። ሳቀ እንጂ አልካደም።

ከዚያ ግሩፑ ተጥለቀለቀ። አዲስ የገቡት ስድባቸው ሌላ ነበር፤ የሰው ዘር ይቆጥራሉ፣ እናት ያነሳሉ፣ ቤትህን አውቀዋለሁ ይላሉ። አፈ ጉባኤው ይህን ሲያይ ደሙ ፈላ። ሥርዓት ይከበር ብሎ ከማንም በላይ የጮኸው እሱ ነው፤ ይህን ልብ በሉልኝ። አድሚኖቹም ሰሙት፣ ደንብ አወጡ። ስድብ ቀረ። ሁሉም እርስዎ ይባባል ተባለ። የዚያን ሁሉ ሰው ድምፅ ቁጭ ብሎ የሚያጣራ ስለሌለ የድምፅ መልእክት ጭራሽ ተዘጋ፤ ጽሑፍ ብቻ፣ እሱም ታይቶ ሲጸድቅ። ክፉ ደንብ አልነበረም። አፈ ጉባኤው ይኸው ሰው ሆንን ብሎ ያን ቀን ለገባው ደንበኛ ሁሉ አወራ።

በማግስቱ ሊጽፍ ተቀመጠ። መኪናውን አቆመ፣ መነጽሩን አጠለቀ፣ በአንድ ጣቱ ፊደል ፍለጋ ገባ። ምሳ ሲደርስ የተጻፈው «ክቡር ነጭ ሽንኩርት ሆይ፣ እርስዎ ስለ ዳቦ የሰነዘሩት ሐሳብ» ይል ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የሚለው ጠፋው። ነጭ ሽንኩርትን እርስዎ ብሎ መከራከር እንዴት ይቻላል? እንደምንም ጨርሶ የላከው ጽሑፍ ታይቶ እስኪጸድቅ ግሩፑ ከዳቦ ወደ መንገድ፣ ከመንገድ ወደ ኳስ አልፎ ሄዷል። ጽሑፉ እንዳልተጠራ እንግዳ መሐል ላይ ተገትሮ ቀረ። አንድ የማናውቀው ሰው የአበባ ምልክት ሰጠው።

ነጭ ሽንኩርት ግን መልስ አልሰጠም። በሚቀጥለውም ቀን፣ ከዚያ በኋላም የለም። ስሙ አለ፣ የሽንኩርቱ ፎቶ አለ፤ ድምፁ ጠፋ።

አፈ ጉባኤው መጀመሪያ ድል አደረግኩት አለ። ቀጥሎ ታሞ ይሆናል አለ። ቀጥሎ ደግሞ ንቆኝ ነው አለና ሆዱ ባባ። እኔ በግልህ በድምፅ ለምን አትልክለትም አልኩት። አይሆንም አለ። ነገሩ ገብቶኝ ነበር፤ እኔ ከጀርባው ሆኜ እየሰማሁት ሰውየውን «የት ጠፋህ» ብሎ መለመን አፍሯል። ስለዚህ ለብቻው በጽሑፍ ላከለት። ሦስት መልእክት ላከ፤ በሦስቱም መሐል ቀናት አሉ። ሦስተኛዋን የላከ ዕለት የደንበኛ ትከሻ ሊለካ ሲነሳ ስልኩን መተኮሻ ጠረጴዛዬ ላይ ረስቶት ሄደ። አየሁ። የሰው መልእክት ማየት ነውር ነው፤ ግን አየሁ። «የዳቦው ነገር አንተ እንዳልከው ይሁን። ብቻ ድምፅህን አሰማኝ» ይላል። የያዝኩትን ሸሚዝ ላቃጥለው ነበር።

ለዚህችም መልስ አልመጣም። ከዚያ በኋላ መከራው ወደ እኛ ዞረ። መከራከር የለመደ አፍ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። ሻይ ውስጥ ስኳር ስንት ማንኪያ ይግባ በሚለው ላይ ለእህቴ ሙሉ መግለጫ ሰጣት። ቁልፍ ሊያስተክል የመጣን አስተማሪ ስለ ትምህርት ሚኒስቴር ጠይቆ፣ ሰውየው «እንዳልከው ነው ጋሼ» ሲለው ተቆጣ። እህቴ ቻለች፣ ቻለችና አንድ ቀን ምሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወደ እኔ ዞረች።

«ሽንኩርቱን ፈልግልኝ» አለችኝ። «ካልተገኘ ከዚህ ቤት የምወጣው እኔ ነኝ።»

እንዴት አድርጌ ልፈልገው? ስም የለ፣ አድራሻ የለ። አፈ ጉባኤው ግን የድሮዎቹን የድምፅ መልእክቶች አልደመሰሳቸውም። እየሰፋ አንድ በአንድ ያሰማቸው ጀመር። እኔ ያን ክርክር ዳግመኛ መስማቴ አንጀቴን ሲያቃጥለው፣ እሱ ድንገት ፔዳሉን አቆመና አንዷን ደጋገማት። ነጭ ሽንኩርት በዚያች መልእክት «መንግሥት ያልነካው ምን የተስተካከለ ነገር አለ?» ይላል። ከኋላው፣ ከሞተሩ በታች፣ ጓ-ጓ የሚል የብረት ድምፅ አለ። ቆይቶ እንደገና ጓ-ጓ። ከዚያ አንድ የታክሲ ረዳት «ሆስፒታል! ሆስፒታል!» ይላል።

ካውያዬን አቆምኩ። ጓ-ጓ የምትለዋን ብረት እኔ አውቃታለሁ። ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው መንገድ ላይ የውሃ መውረጃ ጉድጓድ አለ፤ የብረት ክዳኑ ልል ነው፣ የመኪና የፊት እግር ሲረግጠው ጓ፣ የኋላው ሲረግጠው ጓ ይላል። ባለፈው ክረምት የሐኪሞች ጋውን ላደርስ ስሄድ እግሬን ሊሰብረኝ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ዛሬ ነገ እያለ የኖረበት ክዳን ነው። አፈ ጉባኤው ይህን ስነግረው ሳቁ መጣ፤ ያን ሁሉ ዓመት ሰውየው መንግሥት ይሠራዋል እያለ ሲሟገት ከኋላው ክዳኑ ጓ-ጓ ይል ነበር፣ ማንም ልብ አላለም። እስኪያነባ ሳቀ። እኔ ግን ያ እንባ የሳቅ ብቻ አልመሰለኝም።

በማግስቱ ለማዘጋጃ ቤቱ ዘበኞች የሰፋነውን ዩኒፎርም ላደርስ ጥቅሉን ትከሻዬ ላይ አድርጌ በክዳኑ በኩል ላልፍ ስነሳ፣ እሱም ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ተከተለኝ። ለሰርግ እንኳ እንደዚያ አልለበሰም። ክዳኑ አጠገብ ምን እንደምናገኝ አላወቅንም። ያገኘነው ጎሚስታ ነው። በሩ ላይ የተደረደረ አሮጌ ጎማ፣ መሬቱ ዘይት የጠጣ፣ ጥግ ላይ ያ የሚያጓራ ሞተር፤ ኮምፕረሰር ኖሯል። ሐኪምም፣ እንጨት ቤትም፣ ባለሥልጣንም አልነበረም። ጎማ ማስነፊያ ነው። እንደገባኝ ከሆነ ሰውየው ከሚለጥፈው ጎማ ግማሹን የሚያመጣለት ያ ልል ክዳን ነው፤ መንግሥት ክዳኑን የሠራው ቀን ገበያው ሊቀንስ ነው።

አንድ ትልቅ ሰው በክሪክ የተነሳ መኪና ሥር ተንበርክኮ ብሎን ይፈታል። ቀና ሳይል መኪናችን የት እንዳለች ጠየቀን። መኪና የለንም አልኩት። ታዲያ ጎማ ይዛችኋል አለ። አልያዝንም። አፈ ጉባኤውን ዞር ብዬ አየሁት፤ በስልክ ሚኒስትር የሚያንቀጠቅጥ ሰውዬ ምላሱ ተሳስሮ፣ ሸሚዙን እየጎተተ ቆሟል። ጉሮሮውን ጠረገና ከልማድ የተነሳ፣ «ክቡራን» አለ።

ሰውየው የያዘውን ብረት ለቀቀው።

እኔ አሁን ይተቃቀፋሉ ወይ ይማታሉ ብዬ ጥቅሌን አወረድኩ። አንዱም አልሆነም። «እርስዎ ኖት?» አለ ነጭ ሽንኩርት። «እኔ ነኝ፤ እርስዎም ደህና ኖት?» አለ የእኛው። ይቀመጡ፣ አይ እርስዎ ይቀመጡ ተባባሉ፤ መቀመጫው አንድ አሮጌ ጎማ ብቻ ስለነበር ሁለቱም ቆመው ቀሩ። ከዚያ የባሰው መጣ። ነጭ ሽንኩርት በእርግጥ ገበያም የራሱ ጥቅም አለው አለ። አፈ ጉባኤው ኧረ መንግሥትም መቼም አያስፈልግም አይባልም አለ። ያን ሁሉ ዓመት ጆሮዬ የደነቆረው፣ ያ ሁሉ ኮሌታ የተጣመመው ለዚህ ነው? ሁለቱም እንደ እንግዳ ሰው መሬት መሬት ያያሉ።

ነጭ ሽንኩርት እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ደንቡን ያስወጡት እርስዎ ኖት ይባላል» አለ።

አፈ ጉባኤው ፊቱ ጠቆረ። ለአዲሶቹ ተሳዳቢዎች እንጂ ለእርስዎ አስቤው አላውቅም አለ፤ ሲል ድምፁ አነሰ።

«እኔ ጽሑፍ አይሆንልኝም» አለ ነጭ ሽንኩርት። «ስሜን እፈርማለሁ፣ ከዚያ አላልፍም። በድምፅ ነው ሰው ሆኜ የኖርኩት። ድምፅ ሲዘጋ፣ ይኸው ያ ሰውዬ አስወጣኝ አልኩ።»

የላኩልዎት መልእክትስ አልደረሰዎትም ወይ አለው አፈ ጉባኤው። ሰውየው ደርሶኛል አለ። ሌላ ጽሑፍ ሲመጣ ልጁ እንደምታነብለት፣ እነዚህን ሦስቱን ግን እንዳላሳያት ነገረን። የአፈ ጉባኤውን አፍ ስለሚያውቅ ስድብ ናቸው ብሎ ነው፤ ያን ስድብ ልጁ በአፏ እንድታወጣው አልፈለገም። ስልኩን ከኪሱ አወጣና ዘረጋለት። አስቀምጫቸዋለሁ፣ እስቲ እርስዎ ራስዎ ያንብቡልኝ አለ።

አፈ ጉባኤው መነጽሩን አጠለቀ። የመጀመሪያዋን አነበበ፤ «ደህና ነህ? ሞተርህ ተበላሸ እንዴ?» ትላለች። ሁለተኛዋን አነበበ፤ «ታመህ ከሆነ ንገረኝ፣ መጥቼ እጠይቅሃለሁ» ትላለች። ነጭ ሽንኩርት ፊቱን ወደ ጎማው አዞረ። ሦስተኛዋ ላይ ሲደርስ የእኛው ቆመ። እኔ በትከሻው በኩል እያየሁ ነበር፤ እንዳየኋት ናት፣ ፊደል አልጎደለባትም።

«ይቺኛዋ ስድብ ናት» አለ አፈ ጉባኤው።

«አንብባት» አለ ነጭ ሽንኩርት። እርስዎ ማለቱን ረስቶታል።

አፈ ጉባኤው ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል አነበበ፤ «አንተ የመጋዘን አይጥ፣ ያ መንግሥትህ የደጅህን ክዳን መግጠም አቅቶት ዳቦህን ሊጋግርልህ ነው?»

እዚያ ላይ ሳቄን በጥቅሉ አፈንኩት። መልእክቷ የተላከችው ክዳን መኖሩን ከማወቃችን በፊት ነው፤ ይህን ደግሞ ልብ ማለት ለሚችል ሰው ከባድ ሒሳብ አልነበረም። ነጭ ሽንኩርት ግን ልብ ያለ አልመሰለኝም። ፊቱ በአንዴ በራ። ትከሻው ወደ ቦታው ተመለሰ። በዘይት እጁ ጥቅሌን አመለከተ።

«አንተ ደነዝ» አለ፣ «እሱስ የማነው ዩኒፎርም ነው? ለማዘጋጃ ቤት እየሰፋህ እየበላህ መንግሥት እጁን ያንሳ ትለኛለህ?»

አፈ ጉባኤው አፉን ከፈተ። መልሱ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ነጭ ሽንኩርት እጁን ዘርግቶ ኮምፕረሰሩን አስነሳውና ቤቱ በሙሉ አጓራ። የእኛው ወደ እኔ ዞሮ በጆሮዬ ጮኸ፤ አላልኩህም፣ ሆን ብሎ ነው እኮ አለኝ። እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ዩኒፎርሙን አድርሼ ስመለስ ሁለቱም አልተቀመጡም ነበር፤ ጎማው ላይ ተቀምጦ ሲያዳምጣቸው ያገኘሁት ባለ መኪናው ነው።

ከግሩፑ የወጣው ያን ዕለት ነው። በታክሲ ስንመለስ ስልኩን አውጥቶ አንዴ ነካ አደረገውና ወጣ። አልተናደደም፣ አልተቃወመም፤ እዚያ የቀረ ሰው ስላልነበረው ነው። እህቴ ሲገባ ፊቱን አይታ ምንም አልጠየቀችውም፤ ሻዩን እንደፈለገ በስኳር አደረገችለት። እሱ ግን ትንሽ ቆይቶ አንገቱን ደፋና፣ ልጁ ታነብለታለች ብሏል አይደል አለኝ። ብሏል አልኩት። ሦስተኛዋን መልእክት ማየቴን ግን አልነገርኩትም።

በነጋታው ሥራ እንደጀመርን ስልኩ ጮኸ፤ በግል የመጣ የድምፅ መልእክት ነው። አፈ ጉባኤው በክርኑ ተጫነው። ለወጉ ያህል እንኳ ኮምፕረሰር የለም፤ ነጭ ሽንኩርት ሞተሩን አጥፍቶታል፣ ከኋላው ክዳኑ ብቻ ጓ-ጓ ይላል።

«አንተ ደነዝ» አለ። «ሦስተኛዋን ልጄን አስነበብኳት። እውነትህን ነው፣ ስድብ ናት።»

አፈ ጉባኤው እግሩን ከፔዳሉ ላይ አነሳ። ጀርባዬን እንደሰጠሁ ቆየሁ። እሱም ጉሮሮውን ጠረገና «አንተ የመጋዘን አይጥ» ብሎ ጀመረ፤ ድምፁ ግን እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። ያን ቀን የሰፋው ኮሌታ አንድም ሳይቀር ጠማማ ነው። እየተኮስኩ አቃናሁለት።